ጅቡቲ ከመውረዳችሁ በፊት፦ ዛሬ ጨረቃ ስንት ነው?

ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም የተወለደችው ከባሕር በመጣ ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1902 (እ.ኤ.አ.) እዚህ ደረሰ። የሐረርን ዳገት መውጣት አስቸጋሪ ስለነበር ሐዲዱ ሜዳውን ይዞ ቀረ፤ በጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ። ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ አይኬድም፣ ይወረዳል። ለንግድ የሚወርድ አለ። ዘመድ ለመጠየቅ የሚወርድ አለ። እንደ እኔ መንጠቆና ናይለን ክር ይዞ የሚወርድም አለ።

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ነው።

በርጫ ላይ ስለ ጅቡቲ ዓሣ ሲነሳ የምሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ጀልባ በስንት ይከራያል? ስንት ሰው ይይዛል? በረዶ ከየት ይገዛል? ሞቻ ደሴት ይሻላል ወይስ ዳር ዳሩን? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሁሉም የሚቀድመውን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፦ ያን ቀን ጨረቃ ስንት ነው? እረፍት የተገኘበት ቅዳሜ ይመረጣል፣ ብር ይዋጣል፣ ጉዞ ይጀመራል። ከዚያ ባሕር ላይ ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲመታቸው ውለው ባዶ ሳጥን ይዘው ይመለሳሉ። "ዓሣው ጠፍቷል" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ዓሣው አልጠፋም። የወጡበት ሰዓት ውኃው የቆመበት ሰዓት ነበር።

ነገሩን ከመሠረቱ ልጀምር። ባሕር አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ዋናዋ ሳቢ ጨረቃ ናት። ፀሐይም ትስባለች፤ ግዙፍ ብትሆንም ሩቅ ስለሆነች በባሕር ላይ ያላት ጉልበት የጨረቃን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሁለቱ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ስበታቸውም ይደመራል። ያኔ ባሕሩ አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይሸሻል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይቀንሳል። ባሕሩ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይውላል። ለመነጋገር እንዲመቸን የመጀመሪያውን ትልቅ ውኃ፣ ሁለተኛውን ትንሽ ውኃ እንበለው።

ይህ በየባሕሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በቀይ ባሕር መካከል፣ ፖርት ሱዳን አካባቢ፣ ሙላትና ጉድለቱ ጨርሶ የለም ማለት ይቀላል። ምጽዋ ላይ በትልቅ ውኃ ቀን አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከባብ ኤል መንደብ ወጥቶ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጅቡቲ ላይ በትልቅ ውኃ ቀን ባሕሩ ከ2 ሜትር በላይ ይነሳል፣ ይወርዳል። በከተማዋ ዳርቻ ጠዋት ውኃ የነበረበት ቦታ ላይ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ሲራገጡ ታያላችሁ። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ያጠመደ ሰው ስለ ጨረቃ ባይጨነቅ አልፈርድበትም። ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ግን ሊተወው የሚችለው ነገር አይደለም።

እኛ ድሬዎች ውኃ በቀጠሮው ሲመጣ ማየት አልለመድንም። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ታች የተኛው ሰው ምንም አላየም፣ ምንም አልሰማም። ስለዚህ ባሕር ዳር ቆሜ ውኃው በተባለው ሰዓት፣ እስከተባለው ድንጋይ ድረስ ሲመጣ ሳይ ሆዴ ይባባል። የከርሞው ሙላት ዛሬ ተሰልቶ ይታወቃል። ይህን ያህል የታወቀ ነገር እያለ በግምት መውጣት በእውነት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ድሬ ወይም ሐረር የሚኖር ሰው የባሕሩን ሰንጠረዥ ግማሹን እቤቱ ይዞ ነው የሚኖረው። የሂጅራ ቀን ማለቴ ነው። እዚህ አገር ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ረመዳን ስንት እንደገባ፣ ዓረፋ መቼ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጎረቤት ይነግረዋል። ማታ ማታ ሳምቡሳ የሚጠበስበት ጥግ ይነግረዋል። የሂጅራ ወር ደግሞ ከጨረቃ ጋር ይወለዳል፣ ከጨረቃ ጋር ያልቃል። ቀኑን ያወቀ ሰው ባሕሩን አወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስደስተኝ አንድ ነገር አለ። ትልቁ ውኃ የሚመጣው ጨረቃ በተወለደችበት ወይም በሞላችበት ቀን አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘገያል። የሂጅራ ወርም አንድ ተብሎ የሚቆጠረው ቀጭኗ ጨረቃ በዓይን ስትታይ ነው፤ ያ ደግሞ ጨረቃ በሰማይ ስሌት ከተወለደች አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ሁለቱ መዘግየቶች ተገጣጠሙ። ስለዚህ በሂጅራ ከ1 እስከ 3 ትልቅ ውኃ ነው። ከ8 እስከ 10 ትንሽ ውኃ። ከ15 እስከ 17 እንደገና ትልቅ፣ ከ22 እስከ 24 እንደገና ትንሽ። በመካከል ያሉት ቀኖች ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ናቸው። የጨረቃ ወር 29 ቀን ተኩል ስለሆነ አልፎ አልፎ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ለጉዞ እቅድ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ይዛችሁ በዓሎቹን ተመልከቱ። ዒድ አልፈጥር ሸዋል 1 ነው፤ ትልቅ ውኃ። ዓሹራ፣ ሐረሮች ለጅብ ገንፎ የሚያቀርቡበት በዓል፣ ሙሐረም 10 ነው፤ ትንሽ ውኃ። የሸዕባን አጋማሽ ትልቅ ውኃ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሹዋሊድ ነው። ሐረር ከዒድ በኋላ ስድስቱን ቀን ጾማ ሸዋል 8 ላይ የምታከብረው፣ ዩኔስኮም በ2023 (እ.ኤ.አ.) የመዘገበው በዓል። ጀጎል ውስጥ ከበሮው ሲመታ፣ ዚክሩ ሲደምቅ፣ ወጣቱ ተውቦ ሲወጣ፣ ታች ጅቡቲ ላይ ባሕሩ ወደ ትንሽ ውኃው ገብቷል። ማንም አስቦ አላገናኛቸውም። ሁለቱም የሚቆጥሩት አንዷን ጨረቃ ስለሆነ ብቻ ነው።

መጋላ ሰፈር በወጣትነታቸው ጅቡቲ ወደብ የሠሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። ሰፈሩ በሙሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ልወርድ ስል ሁልጊዜ ሄጄ እሰናበታቸዋለሁ። እሳቸውም ስለ ጀልባም ስለ ዋጋም አይጠይቁኝም።

"ስንት ቀን ትቆያለህ ልጄ?"

"እስከ እሁድ ነው ሐጂ።"

በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ትንሽ ዝም ይላሉ። "እሁድ አስራ ስድስት ነው። ጥሩ። ዳር ዳሩን ያዝ፣ ውኃው ሲገባ።" ስልክ አያወጡም፣ ሰንጠረዥ አያዩም። የስልኬ መተግበሪያ የሚለውም ያንኑ ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል አበቅቴ አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጨረቃን በእሱ ይቆጥራሉ፣ ፋሲካንም ያወጡበታል። ስሌቱ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ስለሆነ ግን የሰማይዋ ጨረቃ አሁን አራት አምስት ቀን ትቀድመዋለች። ለጾምና ለበዓል ሥርዓቱ እሱ ነው። ለዓሣ ግን ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት፣ ወይም ጎረቤትን መጠየቅ።

ቀኑ ተመረጠ እንበል። ሰዓቱስ?

ዓሣ የሚበላው ውኃ ሲንቀሳቀስ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከያዛችሁ ብዙው ነገር ገባችሁ ማለት ነው። ውኃ ሲፈስ ትንንሹን ፍጥረት፣ ሽሪምፑንና ሰርዲኑን ይዞ ይሄዳል። ትልቁ ዓሣ ድንጋይ ወይም ኮራል ተከልሎ ፊቱን ወደሚፈሰው ውኃ አዙሮ ይጠብቃል። ምግቡ ራሱ ይመጣለታል። ሙላቱ ጫፍ ሲደርስ ወይም ጉድለቱ ሲያበቃ ውኃው ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። ያኔ ትንንሾቹም ይበተናሉ፣ ትልቁም አድብቶ መጠበቁን ይተዋል።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። መልህቅ የጣለች ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ገመዱን ተመልከቱ። ውኃው ሲፈስ ገመዱ ተወጥሯል፣ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ተተክሏል፣ ክራችሁም ወደ ኋላ ተጋድሟል። ከዚያ ገመዱ ይረግባል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወዲህም ወዲያም ማለት ትጀምራለች። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሻይ የሚጠጣው፣ ሳንድዊች የሚበላው፣ መንጠቆ የሚታሰረው ያኔ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጀልባዋ ቀስ ብላ ትዞርና ጀርባዋን ለነበረችበት አቅጣጫ ትሰጣለች። ገመዱ በሌላ በኩል ይወጠራል። ያኔ ብርጭቆው ይቀመጥ።

ፍሰቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል አይደለም። አጥማጆችና መርከበኞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። ውኃው ለመሙላት ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ጠቅላላውን ለአሥራ ሁለት ክፈሉት። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ይሞላል። የዚያን ቀን ልዩነት 2 ሜትር ከ40 ሳንቲም ነው እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው 20 ሳንቲም ብቻ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ግን በየሰዓቱ 60 ሳንቲም ይጨምራል። ስለዚህ አጭር ጊዜ ብቻ ያለው ሰው መካከለኞቹን ሁለት ሰዓታት ይያዝ። እነሱ ከንጋቱ ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት ጋር ከገጠሙለት ደግሞ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ባሕር ላይ የለም። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ሙቀቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ውኃው ይሮጣል።

ሰዓቱ በየቀኑ ይገፋል። ጨረቃ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ስለምትዘገይ ሙላቱም አብሯት ይዘገያል። በአንድ ቦታ ላይ ግን ትልቅ ውኃ ሁልጊዜ በተቀራራቢ ሰዓት ነው የሚሞላው። ሸዋል 2 ላይ በስንት ሰዓት እንደሞላ የጻፈ ሰው በሌላ ወር 2 ላይ ለዚያው ቦታ ተመሳሳይ ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። ለዚህ ነው አንዲት ትንሽ ደብተር መያዝ የምወደው። የሂጅራውን ቀን፣ የሞላበትን ሰዓት፣ የቆምኩበትን ቦታ፣ የነፋሱን ነገር ብቻ እጽፋለሁ።

ጅቡቲ ላይ ግን አንድ የአካባቢ ጠባይ አለ። የቀኑ ሁለት ሙላቶች እኩል አይደሉም። አንዱ ከሌላው ጎልቶ ይታያል። በትንሽ ውኃ ቀኖች ደግሞ አንዳንዴ አንደኛው በጣም ደክሞ ባሕሩ በቀን አንዴ ብቻ የሞላ ይመስላል። ምክንያቱ ጨረቃ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መራቋ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሒሳብ በእነዚህ ቀኖች አይሠራም። ስለዚህ ቀኑን በሂጅራ ምረጡ፣ ሰዓቱን ግን ከሰንጠረዥ እዩ። የስልክ መተግበሪያዎች ይበቃሉ። ቦታውን ጅቡቲ በሉት። ደግሞ የሚያወጡት ሰዓት የፈረንጅ ነው። ወደኛ ሰዓት መመለስን የምትረሱት እንቅልፍ ባጣችሁበት ሌሊት ነው፣ ማታውኑ በወረቀት ገልብጣችሁ ተኙ።

የት ይጠመዳል የሚለው ከዚህ ይከተላል። ትልቅ ውኃ ለዳር አጥማጅ ነው። ውኃው ሲገባ ደርቆ የዋለውን ሜዳ ይሸፍናል፤ ዓሣውም እዚያ የቀረውን ሸርጣንና ትል ፍለጋ ተከትሎት ይወጣል። ሲሸሽ ደግሞ ውኃው የሚወጣበትን ጠባብ ቦይ ፈልጎ አፉ ላይ መቆም ነው። ትንሽ ውኃ ለጥልቁ ነው። ድንጋይ ስር የሚኖረውን ሃሙር የተባለ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ (ክብደቱ) ወለሉ ላይ ማረፍ አለበት። በትልቅ ውኃ ቀን ፍሰቱ ክሩን ይወስደዋል፤ እርሳስ ቢጨመርም አይይዝም። ይህ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጨረሻ፣ ጉቤት የተባለው ውስጠኛ ባሕር መግቢያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጠባብ በር ነው የሚገባውና የሚወጣው። ከአንድ አማርኛ ከሚያውቅ የጀልባ ካፒቴን ጋር ስለዚያ ቦታ ሳወራ፣ "በአስራ አምስት ጨረቃ እዚያ ውሰደኝ ብትለኝ ብርህን አልቀበልህም" አለኝ። ቆፍጠን ብሎ ነው ያለው። በዚያ በር በኩል ውኃው ወንዝ ሆኖ ነው የሚሄደው።

ደራክና ባራኩዳ ለሚባሉት አዳኝ ዓሦች ብዙም አልጨነቅም። እነሱ የሚያሳድዱት ሰርዲን ያለበት ሁሉ አሉ። ወፍ የሚረባረብበትን ቦታ መከተል ይበቃል።

የሌሊቱ ነገር ለብቻው ነው። በጀልባ ላይ መብራት ሰቅሎ ትንንሽ ዓሣና ስኩዊድ የሚሰበስብ ሰው ጨለማ ይፈልጋል። ሙሉ ጨረቃ ባሕሩን በሙሉ ስታበራው የእሱ መብራት ምንም አይስብም። ስለዚህ በትልቅ ውኃ ቀኖች መካከል እንኳ ልዩነት አለ፦ የወሩ መጀመሪያ ለመብራት ነው፣ የወሩ አጋማሽ አይደለም። ሙሉ ጨረቃ ባለበት ሰሞን ዓሣው ሌሊቱን በብርሃኑ ሲበላ አድሮ ጠዋት ይደክማል የሚሉ አጥማጆችም ብዙ ናቸው። እኔም በ15 እና በ16 ከጠዋቱ ይልቅ ምሽቱን እመርጣለሁ።

ጨረቃ አናት ላይ ስትሆንና ከእግራችን በታች፣ በምድር ማዶ ስትሆን ዓሣ በደንብ ይበላል የሚል ሐሳብም አለ። ጆን አልደን ናይት የተባለ አሜሪካዊ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ከአጥማጆች የሰማውን ሰብስቦ ያደራጀው ነው፤ ዛሬ ብዙ መተግበሪያዎች "ጥሩ ሰዓት" ብለው የሚያሳዩት ከእሱ የመጣውን ነው። የሚያሳምን ማስረጃ የለውም። ለሐይቅ የሚጠቀሙበት ካሉ ይጠቀሙበት። ጅቡቲ ላይ ግን ዓይኔ እያየው የሚሄድ ውኃ እያለ መተግበሪያ በኮከብ ምልክት ብዛት የሰጠውን ውጤት አልከተልም።

አሁን ይህን ሁሉ ሊያፈርስ የሚችለው ነገር፦ ነፋስ። ሰንጠረዡ ጨረቃንና ፀሐይን ያውቃል፣ ነፋስን አያውቅም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምዕራብ የሚነሳው ኸምሲን ደረቅ፣ ትኩስ፣ አቧራ የተሸከመ ነው። እኛ የድሬን ሙቀት የለመድን ሰዎች እንኳ አንችለውም። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ዳር ላይ ውኃው የተኛ ይመስላል፤ ሞተሩ ቢጠፋ ግን ጀልባዋን ይዟት የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው። ደግሞ ነፋስ በአንድ በኩል፣ የውኃው ፍሰት በተቃራኒ ሲገናኙ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። በትልቅ ውኃ ቀን፣ በትንሽ ጀልባ፣ ይህ አደገኛ ነው። ካፒቴኑ አይሆንም ካለ አይሆንም። ብር ተከፍሏል፣ እረፍት ተወስዷል፣ ከድሬ ድረስ መጥተናል ብላችሁ አትለምኑት። ልጆች አሉት፣ ልጆች አሏችሁ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለሰውም ለጀልባም ይሻላል።

ሰሞኑን ለዓረፋ ለመውረድ ያሰቡ ወጣቶች መቼ ብንወጣ ይሻላል ብለው ጠይቀውኛል። ዒድ አልአድሐ ዙልሒጃ 10 ነው። ትንሽ ውኃ ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ በበዓሉ ማግስት የምትወጡ ከሆነ ዳር ላይ ቆማችሁ አትድከሙ። ሞቻ ማዶ ካለው ጥልቅ ውኃ ሂዱ፣ ቀለል ያለ እርሳስ ያዙ፣ ሃሙር ላይ አተኩሩ። ዳር ላይ ቆሞ መወርወር የምትወዱ ግን በዓሉን ድሬ ከቤተሰብ ጋር አሳልፉና በ14 ተነሱ። 15፣ 16 እና 17 ትልቅ ውኃ ነው። ዓረፋ በእነዚህ ዓመታት በግንቦት እየዋለ ስለሆነ ኸምሲን ደርሶባችሁ እንዳይሆን ከመሳፈራችሁ በፊት ማታውን ካፒቴኑ ጋ ደውሉ። ፓስፖርታችሁን አትርሱ፤ ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ነጋድ ጣቢያ ነው፣ ከዚያ ወደ ከተማ ታክሲ ትይዛላችሁ። በረዶውን እዚያው ግዙ።